የጸበሉ በርሜሎች ጠባቂ

አቶ ረዘነ ግድግዳ ላይ ያረፈች ቢምቢ ሲያዩ እንደ ሌላው ሰው ለመምታት እጃቸውን አያነሱም። መጀመሪያ መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያስጠጋሉ። ከዚያ አቀማመጧን ያጠናሉ። ራሷን ደፍታ፣ ቂጧን ወደ ላይ ቀስራ የተቀመጠች እንደሆነ የወባ ናት። ከግድግዳው ጋር ተስተካክላ የተጋደመች እንደሆነ ግን «ይቺ እንኳ ጨዋ ናት» ይሉና መነጽራቸውን መልሰው ያጠልቃሉ። ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለው አፓርትመንታቸው ሲያዩ የኖሩት ጨዋዎቹን ብቻ ነው።

እኔ በልጅነቴ የተማርኩበት የጤና አጠባበቅ መጽሐፍ ላይ እነዚህ ሁለት ቢምቢዎች ጎን ለጎን ተስለው ነበር። መምህራችን በቀርከሃ ዘንግ እየጠቆሙ «የወባ ትንኝ የትኛዋ ናት?» ሲሉ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቂጧን ያነሳችው!» ይልና በሳቅ ይፈርስ ነበር። ያ ሥዕል ነፍስ ዘርቶ ያገኘሁት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ውስጥ፣ በአቶ ረዘነ ዘንድ ነው። ገና ከመጀመሪያው የወደድኳቸውም ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ቤተ ክርስቲያን እናስቀድሳለን፤ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው የማደርሳቸው እኔ ነኝ። እዚህ የምተርከውን አብዛኛውን የነገሩኝ መኪናዬ ውስጥ ነው፤ መንገዱን እየተመለከቱ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

የተወለዱት ተሰነይ ነው። አባታቸው በጣሊያን ጊዜ ወባ ለሚያጠና ሐኪም ተቀጥረው ነበር። ሥራቸው መቀመጥ ነበር። ሲመሽ አንድ ጎጆ ውስጥ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ይቀመጣሉ፤ ቢምቢ ባዶ እግራቸው ላይ ስታርፍ በትንሽ ብልቃጥ ይከድኗታል። አንዳንዷ ትቀድማቸዋለች። ጠዋት ሐኪሙ ብልቃጦቹን ተቀብሎ በአጉሊ መነጽር እያየ የቢምቢዋን ዓይነት ይለያል፤ የእግሩ ባለቤት አተኩሶት እንደሁ ግን አይጠይቅም። በጣሊያኖቹ ሰፈር ረግረጉ ይደርቃል፣ መስኮቱ ወንፊት ይለብሳል። በአገሬው ሰፈር ቢምቢ ትጠናለች እንጂ አትባረርም። ጣሊያን ሄዶ እንግሊዝ ሲተካ አለቃው ተለወጠ፤ የሚነከሰው እግር ግን ያው የአባታቸው እግር ነበር።

«አባቴ ምን ይል ነበር መሰለህ» ይሉኛል አቶ ረዘነ፤ «‹ቢምቢስ አታዳላም። የሚያዳላው መድኃኒቱን የያዘው ነው።›»

ስለዚህ እሳቸው በጃንሆይ ዘመን የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሲቀጠሩ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ካኪ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ በጀርባ የሚታዘል የዲዲቲ መርጫ። ምድባቸው ሰቲት ሁመራ ሆነ። የባለጸጋውንም የድሃውንም ጎጆ እኩል የምንረጭበት ቀን መጣ ብለው አመኑ። አባታቸው ሲሸኟቸው ያሏቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የሰው ቤት ስትገባ ባርኔጣህን አውልቅ።»

አንድ ቀን ከወንዙ ብዙም በማይርቅ መንደር አንዲት ሴት ቤት ገቡ። ከአልጋው ሥር በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ እንስራ አገኙ፤ ውስጡ የቢምቢ ትል ይርመሰመሳል። ሴትዮዋ ለመነቻቸው። ልጇ በትኩሳት ተይዞ አልጋው ላይ ተኝቷል፤ ውሃው ከሩቅ ገዳም በጀርባዋ አዝላ ያመጣችው ጸበል ነው። ወጣቱ ረዘነ የሚያውቁት ትእዛዙን ነበር፤ የቆመ ውሃ ይደፋል። እንስራውን አንስተው ደጃፉ ላይ፣ ሰውም ፍየልም በሚረግጠው መሬት ላይ አፈሰሱት።

ሴትዮዋ አልጮኸችም። «ልጄ፣ የደፋኸው ውሃውን አይደለም፤ እኔን ነው» አለቻቸው።

ልጁ ይዳን ይሙት አላወቁም። በማግስቱ ሌላ መንደር ሄዱ።

«በሥራው ትክክል ነበርኩ» ይላሉ እስከ ዛሬ። «ግን ባርኔጣዬን እንኳ አላወለቅኩም።»

ቤተ ክርስቲያናችን ከቻምበርስ ሮድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ጎማ ቤት ጎን ያለ፣ ድሮ መጋዘን የነበረ ሕንፃ ነው። ጥምቀትን የምናከብረው ፓርኪንጉ ላይ ነው። በጃንዋሪ ብርድ ወንዝ መውረድ ስለማይታሰብ ውሃው በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ተሞልቶ ይባረካል፤ ካህናቱ ይረጩናል፤ ሰዉም በየጠርሙሱ ቀድቶ ይሄዳል። የተረፈው ከሕንፃው ጀርባ በጣሪያው ክፈፍ ሥር ይቀመጣል። ዓመቱን ሙሉ የታመመም፣ ልጁ የከፋበትም፣ አዲስ ቤት የገባም ከዚያ ያስቀዳል። ጠባቂ ሲፈለግ አቶ ረዘነ «እኔ አለሁ» አሉ። ኮሚቴው ትሕትና መሰለው። እኔ ግን የሁመራዋን እንስራ አሰብኩ።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ውሃው በረዶ ሆኖ ሲያብጥ የበርሜሎቹን ክዳን ሰነጣጠቀው። አቶ ረዘነ ክዳን ይገዛልኝ ብለው ማንንም አላስቸገሩም፤ በነጠላ ሸፍነው በሲባጎ አሰሯቸው። በጁን ወር አንድ ጠዋት ነጠላውን ገለጥ ሲያደርጉ ውሃው ሕይወት ዘርቷል። ጎንበስ ብለው አዩ። የወባ ትል ቢሆን ከውሃው ፊት ጋር ተስተካክሎ ይጋደም ነበር። እነዚህ ግን ራሳቸውን ወደ ታች አንጠልጥለው በጭራቸው ይተነፍሳሉ።

«ጨዋ ናቸው» አሉ ለራሳቸው።

መድፋት ነበረባቸው። አልደፉም። አንድ ጊዜ ጸበል ደፍተው የሆነውን ያውቃሉ። ቀሲስ ወልደየስን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን አስተዳዳሪ፣ ምን ላድርግ ብለው ቢጠይቁም ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ለመጠየቅ መናገር ሊኖርባቸው ነው፤ ጸበሉ በእኔ እጅ ተላ ብለው። ይህ ከጉሮሯቸው አልወጣ አለ። ስለዚህ የሻይ ማጥለያ ከቤታቸው አመጡ። ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድመው እየመጡ ትሉን ይለቅማሉ። ትል ግን ከማጥለያ ይፈጥናል። ነጠላውን ገልጠው እስኪከድኑ ድረስ ስንቷ ክንፍ አውጥታ እንደምትወጣ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

ፍልሰታ ገባ። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ስናበቃ ፀሐይ ልትጠልቅ ትደርሳለች። ሰዉ ቶሎ አይበተንም፤ ከሕንፃው ጀርባ ባለችው ሜዳ ወንበር ተዘርግቶ የጾም ምግብ ይበላል፣ ወሬ ይወራል። ሮማነወርቅ፣ ምላሷ ከቢላ የሚስል ሴት፣ ክንዷን ጧ አድርጋ መታች።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ቅዳሴ አስቀድሼ ደሜን ለግሼ ልሂድ?»

ወንበር የሚያጣጥፈው ሀይለማርያም ነበር። ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ሥራ አምሽቶ እንኳ ቢመጣ ወንበሮቹን ሳያጣጥፍ አይሄድም። አጭር እጅጌ ለብሷል።

«ሮሚ፣ አንቺን የነከሰች ቢምቢ እኮ ራሷ ነች ኢመርጀንሲ የምትገባው» አላት።

«አንተ ዝም በል! አንተን የማትነክስህ ደምህ ቤንዚን ስለሆነ ነው።»

«እኔን? እዪው እስቲ ክንዴን! በልታ ጨርሳኛለች።» ክንዱን እያሳየ ዞር አለ። «የወባው የት አሉ? ጋሽ ረዘነ! ኑ ፍረዱን!»

አቶ ረዘነ መጡ። ሰዉ ከበባቸው። ግድግዳው ላይ አንዷ አርፋለች። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ፤ ይህን ትርኢት እንወደዋለን።

«ጨዋ ናት» አሉ።

ሳቅ ሆነ። «ጨዋ ብትሆንማ ሳታስፈቅድ አትነክሰኝም!» አለች ሮማነወርቅ። «ጋሼ፣ ብዙ ናቸው እኮ ዘንድሮ። ከየት ነው የሚፈለፈሉት?»

አቶ ረዘነ ከበርሜሎቹ አሥር እርምጃ እንኳ አይርቁም። ጀርባቸውን ወደ በርሜሎቹ ሰጥተው ነበር የቆሙት።

«ዴንቨር ውስጥ ወባ የለም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ይቺ ብታሳክክሽ ነው እንጂ አትጎዳሽም። እኔ ዋስ ነኝ!»

«በቃ!» አለ ሀይለማርያም፣ «ዋስ ከተገኘ ክሱ ተዘግቷል። ወንበር አቀብሉኝ።» እኛ ሁላችን ስንሄድ እሱ እዚያው ጨለማው እስኪወርድ ወንበር ሲያጣጥፍ ቀረ።

በዚያው ሳምንት አንድ የቢምቢ ቁጥጥር ሠራተኛ መጣ። ጢሙ ቀይ፣ ሰላምታው ደግ የሆነ ፈረንጅ ነው። ከአጥራችን ሥር ባለው ዛፍ ላይ ማጥመጃ ልስቀል ብሎ ጠየቀ፤ ግቢው ውስጥ የነበሩት አቶ ረዘነ ብቻ ነበሩ። ፈቀዱለት። ሰውየው የሚጨስ በረዶ በጣሳ አድርጎ አንጠለጠለ፤ ከሥሩ ትንሽ ማራገቢያና የመረብ ከረጢት አሰረ።

«ጭሱ የሰው ትንፋሽ ይመስላታል» ብሎ አስረዳቸው። «ሰው አለ ብላ ስትመጣ ማራገቢያው ወደ መረቡ ይስባታል።»

አቶ ረዘነ ያን ጭስ እያዩ ቆሙ። አባታቸው በሕይወት ቢኖሩና ይህን ቢያዩ አሉ በልባቸው። እግር ቀርቶ በረዶ ይቀመጥላቸዋል። እኔም የዚህ ሥራ ሰው ነበርኩ ብለው ለሰውየው ነገሩት፤ ሰውየው ደስ ብሎት እጃቸውን ይዞ ነቀነቀ፤ የሥራ ባልደረባ አገኘሁ አለ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጠየቃቸው።

«ከጀርባ በኩል የቆመ ውሃ ይኖር ይሆን?»

«ምንም የለም» አሉት።

ሰውየው አላጣራም። ባልደረባውን አመነ። ይህን ሲነግሩኝ መኪናዋን ዳር አስያዝኳት፤ ድምፃቸው አልሰማ ብሎኝ ነበር። «ሁመራ ውስጥ እንስራ የሚደብቁብንን ሰዎች እንዴት እንቆጣ እንደነበር ታውቃለህ?» አሉኝ። «ሌባ ነበር የምንላቸው።»

ፍልሰታ ሳይፈታ ሀይለማርያም ታመመ። ራስ ምታት ነው ብሎ ሥራ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ፓርክ ሂል ውስጥ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በሚያውቀው ሰፈር፣ መኪናውን ዳር ፓርክ አድርጎ ለሚስቱ ለአረጋሽ ደወለላት።

«አረጋሽ» አላት፣ «ቤታችን በየት በኩል ነው?»

እየቀለደ መሰላት። ሲቀልድ የኖረ ሰው ነው። ሁለተኛ ሲጠይቃት ግን ጮኸች። ሆስፒታል ሲደርስ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር፤ አንገቱ አልታጠፍ ብሏል። ሐኪሞቹ መርምረው ከቢምቢ የሚመጣ ቫይረስ ነው፣ ወደ አንጎሉ ወጥቷል አሉ። ዌስት ናይል ይባላል።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ አንዱ «ናይል? ዓባይ እስከዚህ ድረስ ተከተለን እንዴ?» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፈረ። ሮማነወርቅ አልሳቀችም። ዞራ አቶ ረዘነን አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ጨዋ ናት ብለውን አልነበር?»

 ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ረዘነ የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሀይለማርያም ይነሣል ወይስ አይነሣም። እሱ ሳይነሣ ቢቀር ያ ቃል፣ ያ «ዋስ ነኝ»፣ ከእሳቸው ጋር ይቀበራል። ቢነሣም ደግሞ ዓይኑን እንዴት እንደሚያዩት አያውቁም።

ከሁለት ቀን በኋላ አረጋሽ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣች። ጸጉሯ አልተበጠረም፤ ያደረችበትን ልብስ ነው የለበሰችው። ባዶ ጠርሙስ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ከጥምቀቱ ጸበል ይቅዱልኝ። በእጅዎ ይቅዱልኝ። ግንባሩን ላብስለት።»

ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ጀርባ ሄዱ። ሲባጎውን ፈትተው ነጠላውን ሲገልጡ ቢምቢው ተነሥቶ ፊታቸውን መታው። ከሥር ትሉ ራሱን አንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ይህንን ለሀይለማርያም? እሱኑ የበላውን ውሃ መልሰው ለእሱ? ወጥተው እውነቱን ሊነግሯት እግራቸውን አነሡ። እግራቸው ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ወሰዳቸው። እዚያ ከሱቅ የተገዛ ውሃ ተደርድሯል። ከዚያ ሞሉላት። ክዳኑን አጥብቀው በሁለት እጃቸው ሰጧት።

አረጋሽ ጠርሙሱን ሳመችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጃቸውንም ሳመች።

«ሰረቅኳት» አሉኝ ኋላ፣ መኪናዬ ውስጥ። «ከጭንቀቷ ላይ ሰረቅኳት።»

በማግስቱ እኔ ነኝ ሆስፒታል የወሰድኳቸው፤ ይህን ሁሉ ገና አላውቅም ነበር። ሀይለማርያም ዓይኑ ተገልጧል፤ የሚያየው ግን እኛን አይደለም። አረጋሽ ጥጥ ከጠርሙሱ አርሳ ግንባሩን፣ አንገቱን፣ መዳፉን ታብሳለች።

«ሀይሌ፣ ጋሽ ረዘነ መጥተዋል። ጸበሉን እሳቸው ራሳቸው ናቸው የቀዱልን፤ እ?» ትለዋለች እንደ ሕፃን። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ «ከትናንት ጀምሮ ትኩሳቱ ቀንሷል ጋሼ» አለች። «ጸበሉ ነው።»

አቶ ረዘነ ከክፍሉ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ሳገኛቸው ግድግዳ ተደግፈው ነበር። «ወደ ቤት አትውሰደኝ፤ ቀሲስ ጋ ውሰደኝ» አሉ።

ቀሲስ ወልደየስ የተቀበሏቸው ሳሎናቸው ውስጥ ነው። በዕድሜ ልጃቸው ይሆናሉ፤ ግን አባትነቱ የቀሲስ ነውና አቶ ረዘነ መስቀል ተሳልመው ተቀመጡ። እኔ በረንዳ ላይ ቆየሁ። የተባለውን ኋላ ነገሩኝ።

ቀሲስ ሁሉንም ሳያቋርጡ ሰሙ። «ጸበል እግር በማይረግጠው ቦታ ይፈሳል» አሉ። «ከአጥሩ ሥር ዛፍ አለ። ጁን ላይ ጠይቀውኝ ቢሆን ቅዳሴ ሳይገባ እናፈሰው ነበር። እሷም የሁመራዋ ሴት ብትሆን እኮ ያዘነችው ውሃው ስለፈሰሰ ላይሆን ይችላል። የትና እንዴት እንደፈሰሰ ነው።»

አቶ ረዘነ ይህን በስንት ዓመታቸው አስበውት አያውቁም ነበር። አንገታቸውን ደፉ።

ቀሲስ አዘኑላቸው መሰለኝ። «ደግሞም» አሉ፣ «ሀይለማርያምን የነከሰችው ከእኛ በርሜል ትሁን ከጎማ ቤቱ አሮጌ ጎማ ማን ያውቃል?»

«ጎማ ቤቱ ዋስ አልሆነም፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ለማን ነገሩ?»

«ለእርስዎ።»

«ለእኔማ ይቀላል። መስማት ሥራዬ ነው።»

አረጋሽን ያገኟት በዚያው ዕለት፣ የሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ልብስ ልትቀይር ወደ ቤት ልትሄድ መኪናዋን ስትከፍት ደረሱ። አቶ ረዘነ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሁልጊዜ የሚያደርጓትን ቆብ አወለቁ። ያን ጊዜ ነው ራሳቸው ምን ያህል እንደተመለጠ ልብ ያልኩት።

ነገሯት። በርሜሎቹን፣ ማጥለያውን፣ ማጥመጃ የሰቀለውን ሰውዬ፣ ጠርሙሱን። ስለ ሁመራ አልነገሯትም፤ ምክንያት እንዳይመስል ፈርተው ነው።

አረጋሽ የመኪናውን በር እንደያዘች ቆመች።

«የሱቅ ውሃ ነው?»

«አዎ ልጄ።»

«ሌሊቱን ሙሉ የጸለይኩበት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ጸሎቴ የት ሄደ?» አለች። ቁጣ አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ የፈለገች ነው የምትመስለው። ከዚያ ነው ድምፅዋ የተለወጠው። «ጋሼ፣ እኔ እጅዎን ሳምኩኮ! እጅዎን ሳምኩ!»

አቶ ረዘነ እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ። ሽማግሌ ሰው እጁን እንደዚያ ሲደብቅ አይቼ አላውቅም።

አረጋሽ መኪና ውስጥ ገባች፤ ሞተሩን አስነሣች፤ ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ዋስ የሆኑት በሰው ፊት ነው» አለች። «በሰው ፊት ይንገሩ። እስከዚያ እሱ ክፍል እንዳይገቡ።»

እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ አቶ ረዘነ ማይክሮፎኑ አጠገብ ቆሙ። ረጅም አልተናገሩም። ትሉ የት እንደነበረ፣ እያወቁ ዝም እንዳሉ፣ ሊያጣራ የመጣውን ሰው እንደዋሹት፣ አረጋሽን እንዳታለሉ ተናገሩ። ስለ ዋስትናው ሲደርሱ ቀሪውን በምልክት ጨረሱት፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከመካከላችን «ኤዲያ!» ያለ ነበር። «የእነሱ ነገር» ያለም ነበር፣ ስለ ትውልድ አገራቸው ማለቱ ነው። ቀሲስ ዞረው አዩት፤ ዝም አለ። ያን ሰው ዛሬም ሳየው አፍርለታለሁ።

ከዚያ ሁላችንም ወደ ጀርባ ወጣን። ቀሲስ በመስቀላቸው ዛፉን ባረኩ። አቶ ረዘነ ጫማቸውን አወለቁ፤ በባልዲ እየቀዱ፣ እየተሸከሙ፣ ከዛፉ ሥር እግር በማይደርስበት ጥግ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ጀመሩ። አፈሩ ደርቆ ስለነበር ወዲያው ይጠጣዋል። ሰዉ ቆሞ ያያል። የሚያግዝ አልነበረም። እኔም ቆሜ ነበር፤ ለምን እንደቆምኩ አላውቅም።

ሮማነወርቅ ጠጋ አለቻቸው።

«እኛ እየተቧጨርን እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ጫማዋን አውልቃ ሌላ ባልዲ አነሣች።

«በሉ በዚያ በኩል ይያዙ» አለች። «ሽማግሌ ሲወድቅ ማየት ስለማልችል ነው፤ ይቅር ያልኩዎ እንዳይመስልዎ።»

ያኔ እኔም ጫማዬን አወለቅሁ።

ባዶዎቹን በርሜሎች ደፍተን ካቆምን በኋላ አቶ ረዘነ ስልኬን ተውሰው ለቢምቢ ቁጥጥሩ ቢሮ ደወሉ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ውሃ ነበር። የለም ያልኩት ውሸት ነው» አሉ። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ድምፅ አመሰገናቸው። ምስጋናው ከስድብ ይልቅ ከበዳቸው።

ሀይለማርያም ወደ ቤቱ የተመለሰው ሴፕቴምበር ሊያልቅ ሲል ነው። አእምሮው ተመልሷል፤ ቀኝ እግሩ ግን አልታዘዝ ብሎታል። ዎከር የሚሉትን መደገፊያ ይዞ ነው የሚሄደው፤ መንዳት የለም። ሐኪሞቹ ጊዜ ይስጡት ነው የሚሉት። ቤታቸው ቻምበርስ ሮድ ላይ፣ ምድር ቤት፣ ትንሽ አጥር ያላት ደጃፍ አለችው። አረጋሽ ለአቶ ረዘነ በእኔ በኩል ቴክስት ላከችላቸው፤ «መምጣት ይችላሉ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም።

ሄድን። አመሻሽ ነው። ሀይለማርያም ደጃፉ ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ከስቷል። አቶ ረዘነ በሩ ላይ ቆባቸውን አውልቀው ያዙ።

«ዋሴ መጡ» አለ ሀይለማርያም።

አቶ ረዘነ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

«ነግራኛለች» አለ። «ሁሉንም ነግራኛለች። ዛሬ አይንገሩኝ። ገና የምቆጣበት አቅም የለኝም፤ አቅም ሳገኝ በደንብ እቆጣለሁ። ይቀመጡ።»

አረጋሽ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችላቸው። ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ ሻይ ግን አቀረበች። ከመንገዱ የመኪና ድምፅ ይመጣል። ከሀይለማርያም ራስ በላይ፣ መብራቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ አንዲት ቢምቢ አረፈች። የቀደመው የልማድ ነገር ሆኖ ሁላችንም ወደ አቶ ረዘነ ዞርን።

«እህስ» አለ ሀይለማርያም በቀጭን ድምፁ፣ «ይቺስ እንዴት ነው የተቀመጠችው?»

አቶ ረዘነ እጃቸው ወደ መነጽራቸው ሄደ። እዚያ ሳይደርስ ተመለሰ።

«አላውቅም» አሉ።

ተነሥተው በመዳፋቸው ግድግዳው ላይ መቷት። መዳፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከዚያ ወንበራቸውን አንሥተው በሀይለማርያምና በአጥሩ መካከል፣ ቢምቢ በሚመጣበት በውጭ በኩል አድርገው ተቀመጡ።